ለዶፍ አንድ፣ ለካፊያ አንድ፦ የክረምት መጽሐፍ አመራረጥ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ክረምት የሚገባው በጆሮ ነው። ከራሴ በላይ ያሉት ኮርኒስና ቆርቆሮ ብቻ ናቸው። ሐምሌ ላይ፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ይጠቁራል፤ መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ቆሎ የተበተነ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ዶፉ ይለቀቃል። በረዶ የቀላቀለ ከሆነማ ባለቤቴ ከማድ ቤት "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብላ ሦስት ጊዜ ጮኻ መልስ ስታጣ፣ መጥታ የእጄን ሰዓት አይታ ትመለሳለች። ብዙም ሳይቆይ መብራት ይሄዳል። ልውጣ ቢሉ ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን ያለው ጭቃ ጫማ ያስቀራል፤ በስልክ የሚጠራው ታክሲም "አባዶ" ሲባል ጉዞውን ይሰርዛል።

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ትልቁን ድርሻ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ይወስዳሉ። መሀል ከተማ ያለ ሰው 4 ኪሎ በሚገኘው፣ በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ዝናቡን ማሳለፍ ይችላል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለለት። አባዶ፣ ጣፎ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አሸዋ ሜዳ ያለነው ግን ዝናቡ ሲመጣ ቤት ውስጥ ባለው መጽሐፍ ነው የምንያዘው። ስለዚህ ምርጫው ሰኔ ሳይጋመስ ማለቅ አለበት።

እኔ ለዓመታት የመረጥኩት በዝና ነበር። "ይሄን ያላነበበ አማርኛ አነበብኩ አይበል" የተባለውን ሁሉ ክረምት መግቢያ ላይ እገዛለሁ፤ መስከረም ሲጠባ ግማሹን እንኳ ሳላነብ አቧራውን እጠርጋለሁ። አሁን የምመርጠው በቤቱ ሁኔታ ነው። ምን ያህል ብርሃን አለኝ፣ ጣራው ምን ያህል ይጮኻል፣ ስንቴ እጠራለሁ፣ እጄን ምን ያህል ይበርደዋል? መጽሐፉ ትልቅ ነው አይደለም የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። እዚህ የማወዳድራቸውም በዚህ ሚዛን ነው፤ በሥነ ጽሑፍ ደረጃ ማን ይበልጣል የሚለውን ለሚከራከሩበት ትቼዋለሁ።

ሻማ የሚችለው ፊደል

ፊደላችን ብርሃን ይወዳል። በግዕዙና በካዕቡ መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ጭረት ናት፤ ሻማ ሲርገበገብ መጀመሪያ ዓይን የሚያታልለው እሷ ላይ ነው። አምና ኅትመቱ የደበዘዘ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ በሻማ ሳነብ "ገደለ" የሚለውን "ገደሉ" ብዬ አለፍኩት። ሃያ ገጽ ሙሉ ግብረ አበሮቹ የታሉ እያልኩ ስፈልግ አመሸሁ። ጠዋት መስኮት ስር ወስጄ ሳየው "ለ" ጎን ላይ የማተሚያ ቤት ቀለም ጠብ ብሎበት ነው። ገዳዩ ብቻውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስገዛ የማደርጋት ነገር አለች። ለገሃርም ሆነ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አንስቼ ከሸራው ስር ወደ ጨለማው ጥግ እገባለሁ፣ መሀሉን እከፍታለሁ፣ ክንዴን ዘርግቼ "ሰ" እና "ሱ" ይለዩልኝ እንደሆነ አያለሁ። መጀመሪያውን ገጽ አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ ደህና ቀለም የሚያገኘው እሱ ነው። ካልተለየኝ የቀን መጽሐፍ ነው፤ አልገዛውም ማለት ሳይሆን ለማታ አልቆጥረውም። ወረቀቱንም እዩት። የሚያብለጨልጭ ነጭ ወረቀት የስልክ መብራት ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ቢጫ ያለው ለዓይን ይሻላል፣ ግን ከሳሳ የጀርባው ገጽ ፊደል ዘልቆ ይታይና ሁለት መጽሐፍ ባንድ ላይ የሚያነቡ ይመስላል። ተመሳስለው የታተሙት ቅጂዎች ሁለቱንም ጉድለት አሟልተው ይመጣሉ።

ብርሃኑ በጣም ካነሰ ግን ዝርው ጽሑፍ ይቅር። ግጥም ይሻላል። አንዱን ግጥም በሻማ አንብበው፣ ሻማውን አጥፍተው፣ ጨለማው ውስጥ መልሰው መላልሰው ሊያስቡት ይችላሉ። እዚህ ላይ እኔ የማወዳድረው የጸጋዬ ገብረ መድኅንን "እሳት ወይ አበባ" ከገብረ ክርስቶስ ደስታ "መንገድ ስጡኝ ሰፊ" ጋር ነው። የጸጋዬ ድምፅ ይፈልጋል፤ ቃላቱ ከባድ ናቸው፣ ምቱም "የፀጋዬ ቤት" እስከ መባል የደረሰ ነው፣ በሹክሹክታ ቢያነቡት ይሞታል። በረዶ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ቆመው፣ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ማንም አይሰማዎትም፣ ጎረቤትም አይታዘብም። ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊም ስለነበር ነው መሰለኝ ስንኙ ውስጥ ባዶ ቦታ ይተዋል። ያ ባዶ ቦታ በዶፍ ውስጥ ይጠፋል። እሱን ለካፊያ አስቀምጡት፣ ውሃው ከአሸንዳው ጫፍ ጠብ... ጠብ ለሚልበት ማታ።

ፍቅር እስከ መቃብር ወይስ ኦሮማይ?

ክረምት ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። ሁለቱም በየቤቱ ስላሉ መጠየቁ አይገርምም።

የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ የጎጃም መኳንንትና ባላገር፣ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ታሪክ ነው። አካሄዱ የበቅሎ አካሄድ ነው፤ አይሮጥም፣ አይወድቅም። ደራሲው አንድ ሰው ግብር ሊበላ ሲገባ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ማንን እንዳየ ሳይነግርዎት አያልፍም። ይሄ ትዕግሥት የሚመጣው ቀኑ ሙሉ ግራጫ ሆኖ፣ ዘነበ አልዘነበ በማይባልበት ካፊያ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት መስኮት ስር ጋቢ ለብሶ የጀመረ ሰው ማታ ዓሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ መብራት አያስፈልገውም፤ ገና መንገዱን አላጋመሰም፣ ግን ቸኮልኩም አይልም። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ቤት የሚሰነብት ሰው ካለ ከዚህ የተሻለ አልመክረውም።

ኦሮማይ ሌላ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ሲተርከው የሚሰማ ነው። አረፍተ ነገሩ አጭር፣ ምልልሱ ብዙ፣ ገጹ ፈጣን። ጣራው ቢጮህም፣ ሦስት ጊዜ ቢጠሩም ሲመለሱ የት እንደደረሱ መፈለግ አያሻም፤ የፀጋዬ ፍቅረኛ ፊያሜታ እዚያው እየጠበቀች ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይሄን እያወቁ መብራት በጠፋበት ማታ የመጨረሻዎቹን ገጾች ማንበብ ቀላል አይደለም። እኔ አንዴ እንዲህ ጨርሼው፣ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና እል ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ሻማ ልትበደር የመጣችው።

የኦሮማይ ችግሩ ቶሎ ማለቁ ነው። ዓርብ ማታ የጀመረ እሑድ ምሳ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ክረምቱ ደግሞ ገና ሁለት ወር አለው። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ የቅዳሜና እሑድ ዶፍ ከሆነ ኦሮማይ፣ የሳምንት ካፊያ ከሆነ ፍቅር እስከ መቃብር። ሁለቱን በአንድ ክረምት ለማንበብ ያሰበ ሰው ኦሮማይን መጀመሪያ አያንብብ። ከዚያ ፍጥነት በኋላ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰው ሁሉ የሚያንቀላፋ ይመስለዋል፤ ኃጢአቱ ግን የሐዲስ አይደለም።

ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር አሉን። ፍቅር እስከ መቃብርን በየክረምቱ ያነባሉ፣ ያውም ከመሀል ጀምረው፣ ጉዱ ካሣ አፉን ከሚከፍትበት። "ጋሼ፣ መጽሐፍ ከመሀል ይጀመራል እንዴ?" አልኳቸው አንድ ቀን፣ ውሃ ወረፋ ላይ።

"ልጄ፣ አገሩን አውቀዋለሁ" አሉኝ። "ሰው አገሩ ሲገባ ሁልጊዜ በዋናው በር ነው እንዴ?"

ሦስተኛ ተወዳዳሪ አለ፣ የዳኛቸው ወርቁ "አደፍርስ"። በ1962 ዓ.ም. ነው የወጣው። እኔ ሦስት ክረምት ሞክሬዋለሁ፤ ሦስቱንም ጣራው አሸንፎኛል። ቋንቋው ቅኔ የለመደ ጆሮ ይፈልጋል፣ አንዱን አንቀጽ ሁለቴ ካላነበቡት ወርቁ አይወጣም፤ በዶፍ ውስጥ ሁለቴ ማንበብ ማለት ሁለቴ አለመስማት ነው። ጸጥ ላለ የጥቅምት ጠዋት ይሻላል። የአዳም ረታ "ግራጫ ቃጭሎች" በፍቅር እስከ መቃብርና በኦሮማይ መሀል ይውላል፦ ዝርዝሩ ብዙ ነው፣ ግን ዝርዝሩ የሰፈር፣ የምግብ፣ የልጅነት ስለሆነ ዝናብ ይስማማዋል። ያው የአዳም "የስንብት ቀለማት" ደግሞ ከውፍረቱ የተነሳ ተጋድሞ የሚነበብ አይደለም። ትራስ ላይ አስደግፉት፤ ደረታችሁ ላይ ካስቀመጣችሁት ከብርዱ በፊት እሱ ትንፋሽ ያሳጥራችኋል።

ብዙ የሚጠራ ሰው

ዝናብ ሲዘንብ ቤት ውስጥ የዕረፍት ቀን ነው ያለው ማን ነው? ልብስ ከገመድ ይነጠቃል፣ በረንዳ ላይ ጄሪካን ይደረደራል፣ በኮርኒሱ ስንጥቅ የምትንጠባጠበዋ ቦታዋን ስለምትቀይር ሳፋው አብሯት ይዞራል። ቡና ሲፈላ ደግሞ መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ነውር ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ ረጅም ልብ ወለድ አትጀምሩ። በየቦታው ተከፍቶ የሚነበብ ይሻላል።

የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ ለዚህ ተስማሚ ነው። ሰውየው ገና ልጅ ሳሉ ከራስ መኮንን ጋር ዓድዋ ዘምተዋል፣ ሩሲያ ሄደው ተምረዋል፣ "ፋቡላ" የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጽፈዋል፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፣ በመንግሥታት ማኅበር ስለ አገራቸው ተከራክረዋል። እንዲህ ያለ ሕይወት የት ቢከፍቱት አንድ ነገር አይጠፋውም። የጳውሎስ ኞኞ "አጤ ምኒልክ" ደግሞ ተራኪው ጋዜጠኛ ስለሆነ ከደብዳቤው፣ ከወሬው፣ ከሰነዱ እየቆነጠረ ያቀብላል። ልዩነታቸው ይህ ነው፦ የተክለ ሐዋርያትን ብቻዎን ያነቡታል፣ የጳውሎስን ግን አምስት መስመር ሳይሄዱ "ስሙ፣ ስሙ፣ ይሄን ስሙ!" ማለትዎ አይቀርም። ቡና ላይ ለመከራከር የሚፈልግ ቤት ካለ ጳውሎስን ያምጣ። ክርክሩ ዶፉን ያስረሳል፤ አንዳንዴ ቡናውንም።

አጭር ልብ ወለድ ሲባል የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ስም ይመጣል። ይምጣ። ልጆች ባሉበት ድምፅ አውጥታችሁ እንዳታነቡት ብቻ።

ወረቀት፣ ስልክ ወይስ ጆሮ

ስልክ የራሱ ብርሃን አለው፣ ይሄ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ያው ስልክ ባትሪም፣ ሬዲዮም፣ "ደህና ገባችሁ ወይ?" መጠየቂያም መሆኑ ነው። መብራት ሲሄድ መቶ ሆኖ ካገኘሁት በስልክ አነባለሁ፤ አርባ ሲሞላ ዘግቼ ወደ ወረቀት እመለሳለሁ። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት በስካነር የተነሱ መጻሕፍት ግን ፊደላቸው ጠጠር ነው፣ ገጹን በጣት እየገፉ ማንበብ መጽሐፍ ማንበብ ሳይሆን ሽሮ መልቀም ነው። ደራሲው ሳንቲም እንዳላገኘበትም እወቁት።

በጆሮ ማዳመጥስ? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብር የሰማ ሰው መጽሐፉን ሲያነብም የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ግን ወጋየሁም ቢሆን የቆርቆሮ ጣራና በረዶ አይችልም። የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል፤ ማዳመጫ አድርገው ደግሞ በሩ ሲንኳኳ አይሰሙም፣ ከዚያ ቤት ውስጥ የሚፈጠረውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ለካፊያና ለሽንኩርት ክትፊያ ሰዓት ግን ከትረካ የሚበልጥ የለም።

ብርዱ

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲጠጉ ደግሞ ብርዱ ይብሳል። እኔ ብርድ ሲጠና ትኩስ አገር የሚወስደኝን እመርጣለሁ፣ የፍቅረማርቆስ ደስታን "ከቡስካ በስተጀርባ"ን የመሰለ። ሐመር ምድር ላይ ያለውን ፀሐይ ሳነብ ጋቢውን ከትከሻዬ ባላወርድም ልቤ ይፍታታል። ወዳጄ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚለው፤ "የባሰ ያዩትን አንብብ" ይላል። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ"፣ "ነገም ሌላ ቀን ነው" ብሎ፣ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነበር የተረጎመው። እሱን መጽሐፍ ይዞ ስለ ሻማ ማጉረምረም ያሳፍራል፣ እውነቱን ነው። ግን እኔን አያሞቀኝም።

ከሰል አያይዞ መስኮት ዘግቶ ማንበብ ግን አይታሰብ። ከሰል የሚገድለው ጭስ ሳያሳይ፣ ሽታ ሳይኖረው ነው፤ ሰውየው መጽሐፉ አሰልችቶት ያንቀላፋ ይመስለዋል። ፍም የግድ ከሆነ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ ቤት ሲገባም መስኮቱም በሩም በደንብ ይከፈት፤ ከመተኛት በፊት ይውጣ።

ልጆች ካሉ

የከበደ ሚካኤል "ታሪክና ምሳሌ" ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ አሁንም ይሠራል፤ ግጥም ስለሆነ በጨለማ በቃል ይወጣል፣ ልጁም ሁለተኛው ማታ ላይ እናንተን ማረም ይጀምራል። ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ከሆነ ግን የመንግሥቱ ለማን "ጠልፎ በኪሴ" ሞክሩ። በጠለፋ ጋብቻ ላይ የሚሳለቅ ኮሜዲ ነው፤ ቴአትር እንደመሆኑ አንዱ አንዱን ገጸ ባሕርይ ይዞ ይነበባል። አምና አንድ መጽሐፍ ለአራት ስናነብ፣ ሻማው መሀል፣ መጽሐፉ እንደ ትሪ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ለኔ የደረሰኝ የተጠላፊዋ ክፍል ነው። ስጮህ ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ፤ ከፎቃችን ስር "ምን ሆናችሁ?" የሚል ድምፅ መጣ።

ከዝናቡ ማዳን

መጽሐፉን ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በነሐሴ ያልበዋል። እኔ መስኮት ስር ትቼው በአንድ ሌሊት የራሰ መጽሐፍ አለኝ። ቸኩዬ ፍም አጠገብ አቆምኩት፣ ገጹ እንደ ጨጓራ ተጨማደደ፣ ሽፋኑም ከወገቡ ተላቀቀ። መደረግ የነበረበት በየጥቂት ገጹ መሀል ጋዜጣ እያስገቡ፣ ጋዜጣውን ሲርስ እየቀየሩ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው ነው። ሦስትና አራት ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ተለዋጭ ይኑር።

ዘንድሮ አልጋዬ ራስጌ የደረደርኩት ይህ ነው፦ ጳውሎስ ለቡና፣ ጸጋዬ ለበረዶ፣ ግራጫ ቃጭሎች ለእሑድ፣ ለፍልሰታ ደግሞ ከጋሼ የተዋስኩት ፍቅር እስከ መቃብር፣ መሀሉ ከአገልግሎት ብዛት የላላው። አደፍርስ ቁም ሳጥኑ ላይ ወጥቷል። ዕልባቱ የድሮ የውሃ ደረሰኝ ነው፣ ከጀመርኩት ብዙም ሳይርቅ ቆሟል። ጥቅምት ላይ አወርደዋለሁ ብያለሁ። አምናም እንዲሁ ብዬ ነበር።